ሟቹ ባስነጠሰ በሳምንቱ

መድረክ ላይ መርማሪ ሆና መጫወት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እሑድ በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ አንድ ሀብታም ሽማግሌ በመርዝ ይሞታል፤ እሷም ባርኔጣዋን ደፍታ ብቅ ትላለች፤ መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት አትክልተኛውን በካቴና ታስረዋለች። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ኢንስፔክተር» ነው የሚላት። ዳቦ ቤት ስትሄድ እንኳ ሰልፈኛው እየሳቀ ያሳልፋታል።

ባሏ የሂሳብ መምህር ነው። አንድም እሑድ ቀርቼ አላውቅም፣ የኋላው ረድፍ ላይ ነው የምቀመጠው፣ ግፊያ ስለማልወድ መብራት ሳይበራ እወጣለሁ ይላታል። የመድረኩ መብራት ዓይን ስለሚወጋ እሷ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ሰው አይታያትም። ቤት ሲገናኙ «እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «እንደ ሁልጊዜው፣ አኮራሽኝ» ይላታል። ይህቺ ቃል ከአዳራሹ ጭብጨባ ሁሉ ትበልጥባት ነበር።

ያለፈው እሑድ ግን፣ ከዕረፍት በኋላ፣ ሟቹ አንሶላ እንደተከናነበ አስነጠሰ። አንዴ ቢሆን ደግ፣ ሦስቴ ነው። አዳራሹ በሳቅ አበደ። ነርሷን የምትጫወተው ልጅ ራሷ መቆም አቅቷት ከመድረክ ሮጣ ወጣች። መርማሪዋ ባሏ ምን እንደሚል ለመስማት ቸኩላ ቤቷ ገባች።

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አላት። «ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚያየው።»

ያን ዕለት እህል አልወርድላት አለ።

በማግስቱ ለታናሽ እህቷ ነገረቻት። እናታቸው ስትሞት ልጅቷ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እንደ ልጇ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ቲያትር ቤቱ ውስጥ ልብስ ያዥ አድርጋ ያስቀጠረቻት እሷ ናት። ተዋናዮቹ ከዕረፍት በኋላ ያንኑ የሐዘን ልብስ እንደለበሱ ስለሚጨርሱ የእህቷ ሥራ በዕረፍቱ ሰዓት ያበቃል።

«እትዬ፣ እኔማ ልነግርሽ ፈርቼ ነው» አለች እህቷ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች። «ያቺ ትኬት ሻጭ አላማረችኝም። ጋሼ መስኮቷ ላይ ተደግፎ ሲያስቃት ስንቴ አየሁ መሰለሽ! ደግሞስ ቲያትሩ ከተጀመረ ምን ሥራ አላት? መስኮቷን ዘግታ ውልቅ ነው።»

አዘጋጁን ለምና አንድ ዘዴ ፈጠረች፤ ለመጪው እሑድ ብቻ ገዳይዋ ነርሷ ትሁን። አዘጋጁም ለለውጥ ያህል ብሎ ተስማማ። ከተዋናዮቹና ከእህቷ በቀር ማንም እንዳይሰማ ተባለ።

«ቤት ስገባ ገዳዩ ማን ነበር እለዋለሁ» አለቻት ለእህቷ። «አትክልተኛው ካለኝ አለቀለት።»

«ትንፍሽ ብል አፌን ቁረጪው» አለች እህቷ።

እሑድ ደረሰ። በዕረፍቱ ሰዓት እህቷ ራሴን ፈለጠኝ ብላ ልብሶቹን ሰቃቅላ ሄደች። የመጨረሻው ትዕይንት ሊጀመር ሲል ነርሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አልወጣ አለች። አዲሱ ቃለ ተውኔት ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፍቷል።

«በቃ፣ የድሮው ይሁን!» አለ አዘጋጁ በሹክሹክታ። «አትክልተኛውን እሰሪው!»

አሰረችው። ካቴናውን ስትቆልፍ በንዴት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ስንት ቀን የደከመችበት ወጥመድ ውኃ በላው። አሁን ባሏ አትክልተኛው ቢላት በምን ትይዘዋለች?

ለጭብጨባው የአዳራሹ መብራት ሲበራ ግን የኋላው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ብድግ ብላ ስታጨበጭብ አየች። ትኬት ሻጯ ነበረች። መውጫው በር ላይ ስትደርስባት እጇን ያዘቻት።

«አንቺም ታያለሽ እንዴ?»

«ሁልጊዜ ነዋ፣ ኢንስፔክተር! መስኮቴን ዘግቼ እገባለሁ። መጨረሻውን ሳላይ ሄጄ አላውቅም።»

ስለ ባሏ ልትጠይቃት አፏን ከፈተች፣ ግን አፍራ መልሳ ዘጋችው። ሰው በከንቱ ማማት እንዲህ ያሳፍራል። ደግሞ በአንድ ማስነጠስ ባል ይጠረጠራል? ያን ዕለት እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ቢሆንስ? የሳምንት ሸክሟ ከላይዋ ወርዶ፣ እየቀለላት ቤቷ ደረሰች። እግሩ ላይ ወድቃ ሁሉንም ልትናዘዝለት ቆርጣለች።

ባሏ ቀድሟት ገብቶ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል።

«እንዴት ነበር?» አለችው፣ ጫማዋን እያወለቀች።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ከት ብሎ ሳቀ። «ዛሬስ ጉድ ሠራችሁን! ስንት እሑድ አትክልተኛውን ስታስሪው ከርመሽ፣ ለካስ ገዳይዋ ነርሷ ኖራለች!»