ግማሽ አምፔር

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ኤሌክትሪክ ግማሽ አምፔር ብቻ ነበር፤ ሰው ሲሞት ድርሻው በዚያው ቀን ይቆረጣል። ትብለጥ ከአባቷ ከአቶ ወልደሰንበትና ሳንባዋን ከምትታመም ልጇ ከፍሬሰላም ጋር ትኖር ነበር። የሦስቱ ድርሻ አንድ ነጥብ አምስት አምፔር ነው፤ በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲባዛ ሦስት መቶ ሠላሳ ዋት ይሆናል። የልጅቷ የኦክስጅን መሣሪያ ያንኑ ሁሉ ስለሚወስድ አምፖል እንኳ አያበሩም።

አንድ ማለዳ ትብለጥ አባቷን ልትቀሰቅስ ብትሄድ ሞተው አገኘቻቸው። እሪ ልትል የከፈተችውን አፏን በነጠላዋ አፈነችው። ለሁለት ሰው የሚቀረው ሁለት መቶ ሃያ ዋት መሣሪያውን አያንቀሳቅስም።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ጀማነሽ መጡ።

"አባትሽ ዛሬ ፀሐይ ሊሞቁ አልወጡም፤ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ እትዬ። ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል።"

ወይዘሮ ጀማነሽ ዐይኗን አይተው ነገሩ ገባቸው።

"እዬዬም ሲደላ ነው፣ ልጄ። አካፋ ይዤ ልምጣ፤ ብቻ ድምፅሽ እንዳይሰማ።"

ያለ ቄስ፣ ያለ ፍትሐት፣ ከጓሮ ቀበሯቸው።

"አባባስ?" አለች ፍሬሰላም ስትነቃ አያቷን አጥታ።

"ገጠር ሄደዋል።"

"ሳይሰናበተኝ? ከእንግዲህ አልወደውም!" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትብለጥ አልተቆጣቻትም። አጠገቧ ተቀምጣ ትንፋሿን አዳመጠች።