ደም የነበረው ቃል

«ጌታ ይሄን ትዳር ገና ብሌስ ያደርገዋል» አሉ ጋሽ ወጋየሁ፣ ሶፋው ላይ ተመቻችተው።

ዶርቃ ጥርሷን ነከሰች። ሰውዬው የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መካኒሳ አቦ ያለው እናቷ ቤት ድረስ የመጡት ከባሏ ሊያስታርቋት ነው። ባሏ አዶኒያስ አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ ሻይ ይጠጣል። የዛሬ ሳምንት ቅንድቧን የተረተረው እሱ ነው፤ የተሰፋችበት ክር ገና አልወጣም። ስኳር ጨምሮ ረጋ ብሎ ያማስላል። ይሄም ሰው ሆኖ!

እናቷ ገበያነሽ ደግሞ የዶርቃን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከታ ጨርሳለች። ልጇ እሁድ ቤተክርስቲያን ከባሏ ጎን ተቀምጣ ካልታየች ሰው ምን ይላል?

«ለመሆኑ ብሌስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ጋሼ?» አለች ዶርቃ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁ። አዶኒያስም ፈገግ አለ።

እንግሊዝኛ ማስተማር እንጀራዋ ነው። «እንግዲያው ልንገርዎት። እንግሊዞች ጌታን ሳያውቁ በፊት ከብት ሲሠዉ ደሙን መሠዊያው ላይ ይረጩ ነበር። ቃሉ ያ ነው፤ በደም መቀባት። ኋላ መጽሐፉን ከላቲን ሲተረጉሙ ለቡራኬ ያንኑ ቃል ወሰዱት። ደስታ ከሚሉት ቃላቸው ጋር ድምፁ ስለተቀራረበ ደግሞ የደስታ መልክ ያዘ። አሁን ላስነጠሰ ሰው ይሉታል፣ የኛዎቹም ታክሲ መስታወት ላይ ይለጥፉታል። ደሙ ትዝ የሚለው የለም።»

ጋሽ ወጋየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተመስገን። ይኸው አንቺው ተናገርሽው፤ ደሙ ተረሳ፣ በረከቱ ቀረ። አንቺም እርሺው።»

ዶርቃ በገነች። በገዛ አፏ እኮ ነው ያስታጠቀቻቸው። ከንዴቷ ብዛት ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«እነሱ ለመርሳት ስንት መቶ ዓመት ፈጀባቸው፤ እኔን እስከ እሁድ እርሺ ነው የሚሉኝ?»

«ዶርቃዬ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለች እናቷ።

«ይስማ።»

ጋሽ ወጋየሁ ተነሡ፤ ሁሉም ተነሣ። በነሱ ዘንድ እርቅ የሚጸናው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ቤቱ አሜን ይላል፣ አሜን ያለ ሰው ወደ ኋላ አይልም። እጃቸውን ዶርቃ ራስ ላይ ዘረጉ።

«ወደ ቤቷ በሰላም ትግባ።»

«አሜን» አለ አዶኒያስ ፈጥኖ።

ዶርቃ አሜን አላለችም። ሽማግሌው ጠበቁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ደገሙት። «ወደ ቤቷ ትግባ።»

አፏን እንደዘጋች ቀና ብላ እናቷን አየች። ገበያነሽ የልጇን ቅንድብ አየች፤ አተኩራ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ለአሜን የዘረጋቻቸውን መዳፎቿን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ተቀመጠች። የጋሽ ወጋየሁ እጅ አየር ላይ ቀረ።