ሳትከፍቺ አጥፊው

ላፕቶፔ ላይ እኔ ያላስገባኋቸው ፎቶዎች መታየት ጀመሩ፤ ቀለበት፣ ሱፍ ልብስ፣ የማላውቃት ቆንጆ ልጅ።

ኮምፒውተር የሚያውቀው ወንድሜ ነው። «ቫይረስ ነው፤ ሳትከፍቺ አጥፊው» አለኝ። እኔ ሞኟ እያጠፋሁ ሰነበትኩ።

ፎቶው አላቆም ሲለኝ፣ ዛሬ ወንድሜ «የጓደኛ ሽምግልና አለብኝ» ብሎ ሸሚዙን አስተኩሶኝ እንደወጣ፣ ላፕቶፑን ጥገና ቤት ወሰድኩት።

ጠጋኙ ሳቀ። «የምን ቫይረስ! አቤኔዘር የሚባል ሰው አካውንቱን እዚህ ከፍቶ ስላልዘጋው፣ ከስልኩ ጋር ተያይዟል። እሱ ስልክ ላይ የገባ ፎቶ ሁሉ እዚህ ይመጣል።»

አቤኔዘር እጮኛዬ ነው።

እያየነው አዲስ ፎቶ ገባ። ሽማግሌዎች በማላውቀው ሳሎን ቆመዋል። ያቺ ልጅ በር ላይ አንገቷን ደፍታለች። ከሽማግሌዎቹ ጫፍ፣ ጠዋት የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንድሜ ቆሟል።