የፖቃላው ጠባሳ

በኮንሶ ፖቃላ፣ የጎሳው አባት፣ አይሞትም፤ ይታመማል። ዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ወር ከዘጠኝ ቀን ይታመማል። ለቅሶ የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ «ሞተ» ብሎ የተናገረ ሰው ከቀዬው ይባረራል።

ስለዚህ የፖቃላ ኦልዳና ሚስት ኩያቴ ማለዳ ወጥታ «ባሌ ታሟል!» ብላ ስትጮህ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የኦልዳና አጎት ገለቦ የግቢውን በር ዘጋና ከሌላ ቀበሌ ጠራቢ አስጠራ። ጠራቢው ኡርማሌ ይባላል፤ ሥራው ዋካ፣ በሟች መቃብር ላይ የሚቆም የእንጨት ምስል፣ መቅረጽ ነው።

«ዋካውን እዚሁ ትጠርባለህ» አለው። «እስኪያልቅ ከግቢ መውጣት የለም። ለኩያቴም ያው ነው። ባዳ ናት፤ አፏ ያመልጣታል።»

ኡርማሌ ጥርሱን ነከሰ። ሚስቱ ወሯ ገብቶ ዛሬ ነገ እየተባለች ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፦ ቶሎ መጨረስ።

ኦልዳናን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ግቢው መሀል ግን የኦልዳና አባት ዋካ ቆሟል፤ ዓይኑ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሱ የፍየል አጥንት፣ ጎኑን ምስጥ የቀመሰው አሮጌ ምስል። ልጅ አባቱን ሳይመስል አይቀርም ብሎ ፊቱን ከእሱ ይቀዳ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ጥዱን ሲቀጠቅጥ ዋለ።

ሬሳው እንዳይበሰብስ ቅቤ የሚቀባው ሰው እስኪመጣ ወደ ውስጥ የምትገባው ሚስት ብቻ ናት። ቀቢው ደግሞ ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ቀርቷል።

በሁለተኛው ቀን ኩያቴ መጣች። የደራሼ ልጅ ናት፤ ካገባች ገና ዓመቷ ነው።

«ወንድሜ፣ አስወጣኝ። ጊዶሌ ድሬሰር የሆነ ወንድም አለኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«መርፌ ይወጋዋላ! ታሟል እኮ!»

«አዎ፣ ታመዋል» አለ ኡርማሌ በትሕትና። «ፈጣሪ ዋቃ ይማራቸው።»

«አልሞተም!»

«ኧረ ማን ሞቱ አለ? ክፉ አይናገሩም።»

ትክ ብላ አይታው ተመለሰች። ኡርማሌ ተደነቀ። ባዳ ናት ቢሏትም ወጉን ከአገሬው ሴት አስበልጣ ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ግን ጠረጠራት። ወግ አዋቂ ሴት በእንዲህ ያለ ጊዜ እንባዋን ትውጣለች፤ ይቺ በየጥጉ ታለቅሳለች። በግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ልትዘል ስትል ገለቦ እግሯን ይዞ አወረዳት። ቅጠል እየቀቀለች ታስገባለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሬሳ ያለበት ቤት ምንም አይሸትም። የደራሼ ሴት የሚገድል ሥር ታውቃለች ሲባል ሰምቷል። «ገድላው ነው፤ ልታመልጥ ነው» አለ በሆዱ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና ለማንም አልተነፈሰም። የምታቀርብለትን ገንፎ ግን መቅመስ ተወ። ከነፍሰ ገዳይ ጋር መቆለፉ እንቅልፍ ነሳው።

በአራተኛው ቀን ከዋካው አጠገብ የጠረባትን ሴት አየች።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ። ከጎናቸው ትቆሚያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጨቱ እስኪበሰብስ።»

በአምስተኛው ቀን አንድ ጎረቤቱ ከካቡ ማዶ ተጣራ። «ኡርማሌ! ሚስትህን ምጥ ይዟታል፤ ልጁ አልዞረላትም!»

ኡርማሌ ገለቦ እግር ላይ ወደቀ።

ገለቦ ዋካውን ዞሮ አየው። «ጠባሳው የታል? ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበ... አለው። ግራ ይሁን ቀኝ እንጃ። ያለ ጠባሳ በሩ አይከፈትም።»

አንድ ጊዜ በመሮ የተነካ እንጨት አይመለስም። በስህተት ቢቀርጸው እንደገና ከግንዱ ሊጀምር ነው። ወደ ኩያቴ ሮጠ።

«ጠባሳቸው በየት በኩል ነው?»

«አልነግርህም» አለች። ድምፅዋ ሰልሏል። «ገብተህ እይ።»

«አይፈቀድልኝም!»

«ገብተህ እይ እንጂ!» ከበሩ ገለል አለች።

ኡርማሌ ወደ ካቡ ማዶ አየ። ሚስቱን አሰበ። ከዚያ መሮውን እንደያዘ ተንበርክኮ በጠባቡ በር ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው። መደቡ ላይ ቆዳ የለበሰ ሰው ተጋድሟል። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀና ቅንድቡን ሊዳብስ እጁን ዘረጋ።

«ስንት ቀን ሙሉ ስትጠርብ እሰማለሁ» አለ ፖቃላ ኦልዳና፤ «ማን ሞቶ ነው?»