የአባቷ ባይካርቦኔት

ጡረታ የወጡት የኬሚስትሪ መምህር ከዛሬ ጀምሮ ትራሳቸውን ማንም እንዳይነካባቸው ለሚስታቸውና ለነርስ ልጃቸው በይፋ አስታወቁ። ሁለቱም አልጋው አጠገብ ቆመው አዋጅ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በይ አሁን የደም ውጤቴን አንብቢልኝ» አሉ አባት።

ልጅቱ ስልኳን አወጣች። «ሶዲየም መቶ ሠላሳ ስድስት፣ ፖታሲየም አራት፣ ክሎራይድ መቶ ሃያ።» የደምን አሲድ የሚያረግበው ባይካርቦኔት ላይ ስትደርስ ዘጠኝ ይላል። ኩላሊታቸው እጅ መስጠቱን ሐኪሙ ለብቻዋ ነግሯታል፤ ለእናቷም አልተነፈሰችም። «ሃያ አራት» አለች፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር ተውሳ። «ተመስገን፣ የጎረምሳ ደም ነዋ» አሉ እናት ወደ መስኮቱ ዞር ብለው።

አባት ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ መቁጠር ጀመሩ። ያኔ ልጅቱ ደነገጠች። በሰው ደም ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ቻርጅ ለየብቻ ሲደመር እኩል መምጣት አለበት፤ ይህን በልጅነቷ ጭኗን ቆንጥጠው ያስጠኗት እሳቸው ናቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ አለች በልቧ። ለሚያምናት ሰው፣ ያውም በራሱ ትምህርት ዋሸች።

«ሶዲየምና ፖታሲየም መቶ አርባ፣ ክሎራይድና ባይካርቦኔት መቶ አርባ አራት፤ ፕሮቲኑ ገና ሳይቆጠር ኔጌቲቩ በአራት በለጠ» አሉ አባት ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ደም ያለው ሰው አልተወለደም፤ እኔ ደግሞ ተወልጃለሁ። ስንት ነው፣ ልጄ?»

«አባዬ...» ብላ የስልኳን ፊት ወደ ደረቷ ገለበጠች።

«ዘጠኝ ነው፤ ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኛል» አሉ እናት፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ።