ሆን ብለው የሚሳሳቱት እማማ ሙዜየን

«እማማ፣ አሁንም ተሳሳቱ እኮ!»

ዲላራ ናት። ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ምላሷ ከእጇ የሚቀድም ልጅ።

በቱርክ፣ ሚላስ ከተማ፣ የጀማሪዎች ምንጣፍ ሥራ ማሠልጠኛ ውስጥ ሁሉም ዞሮ አየ...

የሰባ ዓመቷ እማማ ሙዜየን አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ላድርግ ልጄ... እጄ እምቢ አለኝ።»

«ሦስተኛ ዙርዎ ነው እኮ! የኛ ቤት ድመት እንኳ በክር ስትጫወት ከዚህ የተሻለ ትቋጥራለች!»

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እማማም አብረው ሳቁ።

አሠልጣኟ ፈሪሃ ግን አልሳቀችም። ሃምሳዎቹን የጀመረች ዝምተኛ ሴት ናት። መጥታ ከእማማ ጎን ቁጭ አለችና የተበላሸውን ቋጠሮ ፈታችው።

«እትዬ፣ ክሩን በሁለቱ ድሮች ላይ ያዙሩት፣ ጫፎቹን በመሃል ያውጡ፣ ከዚያ ወደ ታች ሳብ ያድርጉት። ቀስ ብለው... ማንም አያባርርዎትም።»

ትከሻዋ ትከሻቸውን ሲነካ እማማ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ...

እማማ ሙዜየን ምንጣፍ መሥራት የጀመሩት ገና የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ነው!

ዕድሜ ልካቸውን ከእህታቸው ከሳዴት ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው፣ አንዷ ከግራ አንዷ ከቀኝ፣ ለስንቱ ሙሽራ ምንጣፍ ሠርተዋል።

አምና ሳዴት ሞተች። የጀመሩት ምንጣፍ እኩሌታው ላይ ቆመ።

ቤቱ ጭር አለ። ሻይ አፍልተው ሁለት ብርጭቆ ያወጡና... አንዱን መልሰው ያስቀምጡታል።

ከሰው ጋር የሚያውላቸው ይህ ሥልጠና ብቻ ነው። ሥልጠናው ግን ደንብ አለው... ያልቻለ ይደግማል፣ የቻለ ያልፋል፣ ያለፈ ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ስለዚህ እማማ አይችሉም! ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ሲሳሳቱ ፈሪሃ መጥታ ጎናቸው ትቀመጣለችና።

ብቸኝነት ክፉ ነው ወገኖቼ... አዋቂን ሰው አላዋቂ ያስመስላል።

የፈተናው ቀን ደረሰ።

እማማ እንደ ልማዳቸው ክሩን እያወሳሰቡ ሳለ፣ ከጎን ካለው የምንጣፍ መሥሪያ ጩኸት ተሰማ።

ዲላራ ናት። የቋጠሮውን ጫፍ በቢላ ስትቆርጥ ድሩን አብራ በጥሳዋለች። ድር ከተበጠሰ ደግሞ ምንጣፉ እዚያው ላይ ይበሳል።

«አለቀልኝ! ወደቅኩ!»

ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፣ ፊቷን ይዛ ታለቅሳለች። ፈሪሃ ክር ልታመጣ ወጥታለች።

እማማ ልጅቷን አዩ... በሩን አዩ... ቢረዷት መቀመጫቸውን ማጣታቸው ነው።

«ጠጋ በይ» አሉ።

የተበጠሰውን ድር በሌላ ክር ቀጠሉት፣ ወጠሩት፣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ መለሱ። ጣቶቻቸው ይበራሉ። ዓይናቸው ግን ሥራው ላይ አልነበረም፣ የልጅቷን እንባ እያዩ ነበር።

ቀና ሲሉ... ፈሪሃ በሩ ላይ ቆማለች።



«እማማ...» አለች ዲላራ፣ «እስከዛሬ ሲያሾፉብን ነው የከረሙት?»

«አላሾፍኩም ልጄ።» አሉ እማማ። «እህቴ ከሞተች ወዲህ ጎኔ የሚቀመጥ ሰው የለም። አብረን የጀመርነው ምንጣፍ እንኳ እንደቆመ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሻርፓቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ፈሪሃ ግን መንገድ አልለቀቀችም።

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ እትዬ።»

«እ?»

«ጀማሪ ሰው አግዳሚው መሃል ላይ ነው ዘፍ የሚለው። እርስዎ ግን ቀኝ ጫፍ ይዘው ግራውን ክፍት ተዉት። እንደዚያ የሚቀመጠው ጎኑ ሰው የለመደ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ሁለት ጊዜ ፈተና ላይ ስትጥዪኝ...»

የፈሪሃ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ባሳልፍዎት... እኔስ ማን ጎን ልቀመጥ?»



«ዛሬ ግን አልፈዋል» አለች ፈሪሃ እንባዋን እየጠረገች። «ከእንግዲህ እዚህ ላስቀምጥዎት አልችልም። እሁድ ቤትዎ እመጣለሁ። ያንን የቆመ ምንጣፍ አብረን እንጨርሰዋለን። ግን ከአሁኑ ልንገርዎት፣ የእኔ እጅ እንደ እህትዎ ቋጠሮ አያጠብቅም... ምንጣፉ ይጣመማል።»

እማማ እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ይጣመም!» አሉ።

ወገኖቼ... አንዳንድ ሰው የሚጠይቃችሁ ስለማያውቅ አይደለም። ለማስረዳት ስትሉ አጠገቡ ቁጭ ስለምትሉ ነው።

እናታችሁ «ይሄ ስልክ እንዴት ነበር የሚከፈተው?» ብላ ደጋግማ ስትጠራችሁ... እውነት ጠፍቷት ይመስላችኋል?

እስኪ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... እናንተን «አልቻልኩበትም፣ ና እስኪ» እያለ የሚጠራችሁ ማነው? ለመጨረሻ ጊዜ ጎኑ የተቀመጣችሁትስ መቼ ነው?