ሰባቱም ሽሚት

«ሺሚጥ» ይላሉ አቶ አለባቸው፣ አንድ ጣታቸውን እያጠፉ።

«ሽሚት» እላለሁ። «‹ሽ›ን ሳያስረዝሙ ‹ሚ› ላይ ያሳርፏት። መጨረሻዋ ላላ ያለች ‹ት› ናት።»

«እሺ ልጄ፣ ሽሚት ይሁን። የእሱስ አባት?»

«እሱም ሽሚት።»

እህቴን ሎዛን ለወንድማቸው ልጅ ለዓቢይ ሊጠይቁ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከገዋኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ መጥተዋል። ሎዛ ለስላሳ ቀድታላቸው ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። በአባታችን በኩል ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አልተገኘም። የቀረው የእናታችን ወገን ነው። የእሷ አባት ደግሞ ለመንገድ ሥራ መጥቶ የነበረ ጀርመናዊ ነው።

«ሰባቱም ሽሚት? ስም ጠፋ እንዴ በአገራቸው?»

«የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ካርል፣ ኦቶ እያለ ይሄዳል። ሽሚት የቤተሰቡ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል።»

ሦስቱም ይስቃሉ። አቶ አለባቸው ከመጡ ጀምሮ ደስ ብሏቸዋል። ለነገሩ እናቴን ጎንበስ ብለው ነው የሳሟት። ግን ወዲያው የሎዛን ቅላትና አፍንጫ እንደ ሰንጋ ገምግመው፣ «ጀርመን!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት የጀርመን መኪና ነው። ብረቱ ዝገት አያውቅም። እጃቸው ይባረክ!»

አሁን የሚያማቸውን ጉልበት እያሹ ይጠይቁኛል። «ትርጉም አለው ወይስ እንዲሁ ስም ነው?»

እናቴ ታየኛለች። ጠዋት፣ «ትርጉሙን ከጠየቁህ አላውቅም በል» ብላኛለች። ዓቢይ ደህና ልጅ ነው፤ ሎዛ ትወደዋለች። አንድ «አላውቅም» ማንንም አይጎዳም። አፌን ስከፍት መጋረጃው ይገለጣል።

«ቀጥቃጭ» ትላለች ሎዛ። «ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ዱሮ ስማቸው ከሥራቸው ነበር የሚወጣው።»

የአቶ አለባቸው የታጠፉ ጣቶች ቀስ ብለው ይዘረጋሉ።

«ባለ እጅ?»

«አዎ፣ ባለ እጅ።»

ብርጭቋቸውን ያዩታል። «ይሄን የቀዳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በአንድ ጣት ገፋ ያደርጉታል። «እኛ ጨዋ ቤት ነን» ይላሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው። «ቡዳ አናገባም።»

«እጃቸውን የባረኩት እኮ አሁን ነው፣ አቶ አለባቸው» እላለሁ።

«መኪና ሌላ፣ አጥንት ሌላ!»

ይነሳሉ። ከዘራቸው ሶፋው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ሎዛ ጫፉ ላይ ባለው ብረት በኩል ይዛ፣ እጀታውን ወደ እሳቸው ትዘረጋለች። ከዘራውን ያያሉ፤ እጇን ያያሉ። በሩን ተደግፈው ያለ ከዘራ ይወጣሉ። ጓደኞቻቸው ይከተሏቸዋል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች።

የሎዛ ስልክ ይጠራል።

«ዓቢይ፣ አጎትህ ከዘራቸውን እዚህ ጥለውት ሄዱ» ትለዋለች። «ቀጥቃጭ የነካው ነው ብለው ከእጄ አልቀበል አሉ። አንተ መጥተህ ከእጄ ትቀበላለህ?»

ብረቱን እንደጨበጠች ታዳምጣለች። ረጅም ጊዜ ታዳምጣለች።

«እሺ» ትላለች በመጨረሻ። «ብቻህን ና።»

በመስኮት አያቸዋለሁ። አቶ አለባቸው፣ በቆሙት ከባድ መኪኖች መሀል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሰባት ቤት ጨዋነታቸውን ተሸክመው እያነከሱ አስፋልቱን ይሻገራሉ።